ላብ ላይ ነፋስ

«መስኮቱን ዝጋው አልኩህ እኮ። ላቤ ላይ ነፋስ ይመታኛል።»

«የሚመታሽ ነፋስ አይደለም ስንዱ፣ የነፋስ እጦት ነው። ከተዘጋ መካይፉ ውሃ ብቻ ነው የሚተፋብሽ። እርጥቡ አየር መውጫ ይፈልጋል።»

«መውጫ ከፈለገ በበሩ ይውጣ። አንተ እንደሆንክ አንድ ቀን በር ዘግተህ ወጥተህ አታውቅም።»

እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ጋሽ ምናሴን እየጠበቅኩ ነበር። ካርቱም ውስጥ ሪያድ በሚባል ሰፈር ልጆች ወደሚያስጠናበት ቤት በሪክሻዬ፣ እናንተ ባጃጅ በምትሏት፣ ላደርሰው ነው የመጣሁት። ሚስቱ እትዬ ስንዱ ከመካይፉ፣ ከቤቱ ማቀዝቀዣ፣ ትይዩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባለች። ከነጠላው ሥር ግንባሯ በላብ ያበራል። በካርቱም ነሐሴ፣ ዝናብ በወረደ ማግስት፣ ሰው ተከናንቦ መስኮት ዝጉልኝ ሲል ማየት ለሱዳኖቹ ጎረቤቶቻችን እንቆቅልሽ ነበር። ለእኛ አልነበረም። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት መስኮት ተከፈተች ተብሎ ትልልቅ ሰዎች ሲጣሉ እያየን ነው ያደግነው።

«እርጥቡና ደረቁ ዛሬ ተቃቅፈው ነው ያደሩት» አለ ጋሽ ምናሴ፣ ወደ ግቢው ግድግዳ እየጠቆመ።

«ልጆቹ ተቃቀፉ ብሎ የሚደነግጥ አባት ያየሁት አንተን ነው» አለችው።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ልጆቹ የምትላቸው ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት የሙቀት መለኪያዎች ናቸው። አንዱ እርቃኑን ነው፤ የሌላው ጫፍ ሁልጊዜ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ላይ ያለው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ እርጥቡ ከደረቁ ዝቅ ብሎ ይውላል። አየሩ ራሱ ውሃ ሲጠግብ ግን የጨርቁ ውሃ የሚሄድበት ያጣል፣ እርጥቡም ሽቅብ ወጥቶ ደረቁን ይጠጋዋል። ጋሽ ምናሴ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በፖለቲካ ምክንያት ተሰድዶ እኛ በምንኖርበት ሳሃፋ ሰፈር ካረጀ በኋላም ወደ ግቢው የገባን ሰው ሁሉ ግድግዳው ሥር አቁሞ ያስተምር ነበር። ሁለቱ ልጅ ስላልወለዱ እትዬ ስንዱ መለኪያዎቹን «ልጆችህ» ትላቸዋለች። ጠዋት ጠዋት «ልጆችህ እንዴት አደሩ?» ስትለው እሰማለሁ። የምኖረው ከእነሱ ክፍል ጎን ነው፤ ግድግዳው ስስ ነበር።

«እሺ መስኮቱ ይቅር። ውሃ ጠጪ» አላት።

«ፍልሰታ ነው።»

«ፍልሰታ መሆኑን አውቃለሁ። አገርሽ ነሐሴ ጭቃና ጉም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ባትቀምሺ ሰውነትሽ አይጠይቅሽም። የዚህ ነሐሴ ሌላ ነው። በዚያ ላይ እኛ ስንመጣ የነበረው ነሐሴ እንኳን አይደለም።»

«ነሐሴ አንድ ነው። የእመቤታችን ነው።»

«አባን ልጠይቅልሽ? ለታመመ እኮ ይፈቀዳል።»

«ማን ታመመ?» አለች፣ ነጠላዋን እያጠበቀች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ ምናሴ። ስደት ያላስጣለኝ ነገር ምን አለ? ቤቴን ጣልኩ። እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ። አማርኛዬ ራሱ ግማሹ ዓረብኛ ሆኗል። ጾሜን ብቻ ነው ሳልጥል እዚህ የደረስኩት። እሱን ተወኝ።»

እጁ መስኮቱ ላይ ነበር። ሳይንሱን ሁሉ እጁ ላይ ይዞ የቆመ ሰው ነበር ማለት እችላለሁ።

«እሺ» አለና መስኮቱን ዘጋው።

ስንወጣ እንደ ልማዱ በሩን ክፍት ትቶት ሄደ። «በሩን!» የሚለው ድምጿ ከኋላችን መጣ። እንዳልሰማ ሆነ። ዞር ስል እጇን ብቻ አየሁ፤ በሩን ከውስጥ ሳበችው።

*

ያኔ ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። የካርቱም ጦርነት ሳይመጣ በፊት በነበረው የመጨረሻ ክረምት ነው። በመተማ በኩል ወጥቼ ካርቱም ከደረስኩ ቆይቻለሁ፤ ቀን ሪክሻ እነዳለሁ፣ ተሳፋሪ ስጠብቅ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ቤት መምታት የተማርኩት የሰው ንግግር በማድመጥ ነው። ቁጭ ብዬ መዋል አልችልም ነበር፤ ሥራዬም ግጥሜም ከአንዱ ወደ አንዱ መሮጥ ነበር። ዝናብ በግጥሞቼ ሁሉ ውስጥ በረከት ነው፤ ሙቀት ፍቅር ነው፤ ብርድ ደግሞ ናፍቆትና ሞት። የዓለም ሙቀት መጨመር ሲባል የሚታየኝ ሩቅ ቦታ የሚቀልጥ በረዶና ከረባት ያሰሩ ሰዎች ስብሰባ ነበር። እኛ ሙቀትን እናውቀዋለን፤ ምን አዲስ ነገር ያመጣል እል ነበር።

በመንገድ ላይ ጋሽ ምናሴ ከኋላዬ ተቀምጦ በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸ ያስረዳኝ ነበር። አስፋልቱ ላይ የዝናቡ ውሃ ተኝቷል። ከውሃው ላይ የሚነሳው እንፋሎት ፊቴ ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ይለጠፍ ነበር።

«ካርቱም ድሮ ደረቅ ነበረች» አለኝ። «እሳት ነው፣ ግን ሐቀኛ እሳት ነው። ላብህ ወዲያው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ያበርድሃል። ሰውነትህ እንደ ሞያ መካይፍ ነው የሚሠራው።»

ሞያ በሱዳን ዓረብኛ ውሃ ነው። የሞያ መካይፍ የሚሉት በረጠበ ገለባ ውስጥ አየር እየሳበ ቤት የሚያቀዘቅዘውን ሳጥን ነው፤ አብዛኛው የካርቱም ቤት በእሱ ነው የሚኖረው። እትዬ ስንዱ «እኛ አገር ሞያ የሴት ነው፤ እነሱ ዘንድ የመካይፍ ሆነ» እያለች ትቀልድ ነበር።

«ታዲያ ምን ተለወጠ?» አልኩት።

«አየር ሲሞቅ ብዙ ውሃ መሸከም ይችላል። ባሕሩም እየሞቀ ነው፤ የሚተነው ውሃ ይበዛል። ስለዚህ ዝናቡ ተከፋፍሎ አይመጣም፤ ሲመጣ ባንዴ ይደፋና ቤት ያፈርሳል። ከዚያ ፀሐይዋ ትመለሳለች፤ ያን ውሃ ሁሉ አንስታ አየሩ ውስጥ ትነሰንሰዋለች። ሌሊቱም አያበርድም፤ ሰውነት ዕረፍት አያገኝም። ሞያ መካይፍ እርጥብ አየር ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ምንም።»

«ሰውም እንደዚያው ነው።»

ቀጠለና «እሷ ግን የአየር ንብረት የምንለውን የእኔ ሃይማኖት አድርጋዋለች» አለ። «አንተ በልጆችህ ትምላለህ፣ እኔ በእመቤታችን ትለኛለች።» በመስተዋቱ አየሁት። ፈገግ ብሎ ነበር።

የሚያስጠናቸው ልጆች አንድ አበሻ ነጋዴ ቤት ናቸው። ከውጭ ሪክሻዬ ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ዝናብ አንድ ስንኝ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ አለ፤ መብራት ሄደ ማለት ነው። ከሁሉም ቤት የመካይፉ ድምፅ ባንዴ ሲቋረጥ ከተማዋ ትንፋሿን የያዘች ትመስል ነበር። ጋሽ ምናሴ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጣ። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ክንዱን አሳየኝ።

«እየው። ካበስኩት ቆየሁ፤ አልደርቅ አለኝ። ቤት እንሂድ።»

«ትምህርቱስ?»

«ያላ፣ ንዳው።»

*

ግቢው ስንደርስ የዳማከሴ ሽታ ተቀበለን። እትዬ ስንዱ መስኮቱ ሥር በወተት ዱቄት ጣሳ የምታሳድጋት አንዲት ዳማከሴ ነበረቻት። በዚያ ሙቀት እንዳትሞትባት በጨርቅ ጥላ ትሠራላት ነበር። ጣሳው ውስጥ ግንዷ ብቻ ቀርቷል።

በሩን ስንከፍት ክፍሉ እንፋሎት ነው። እትዬ ስንዱ አልጋው ላይ ጋቢ ተደርቦባት ተኝታለች። የግቢያችን ጎረቤት ዘነበች፣ ደጓ፣ የሰው በሽታ የማያስተኛት ሴት፣ አጠገቧ ተንበርክካ የፈላ ውሃና የተጨመቀ ዳማከሴ ያለበትን ድስት ጋቢው ሥር ይዛለች። እሷም በላብ ተጠምቃለች።

«ምች ነው የመታት ጋሼ» አለች። «ቅጠሏን ልታጠጣ ስትወጣ ፀሐይ አገኛት መሰለኝ። ራሴን አለች፣ አቅለሸለሻት። እያጠንኳት ነው። ላብ በላብ ሆና ነበር፤ አሁን ተመስገን ቆመላት።»

ጋሽ ምናሴ ባለበት ቆመ። «ምኑ ነው የቆመላት?»

«ላቡ።»

ጋቢውን ገፈፈው። ዘነበች ጫፉን ይዛ አለቀቀችም።

«ጋሼ፣ ነፋስ ያገኛታል። ምች ከነፋስ ጋር እኮ ይገድላል።»

«ልቀቂው ዘነቡ።»

«እናቴን በዚሁ ነው ያዳንኳት። በላቡ ይወጣላታል፣ ትንሽ ነው የቀራት...»

«ልቀቂው የኔ እህት» አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ለቀቀችው።

እጄን ግንባሯ ላይ አደረግኩ። ደረቅ ነበር፤ ከምድጃ አጠገብ እንደዋለ ጡብ ደረቅና ትኩስ። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን እኛን አልፎ ያያል።

«ብርድ ብርድ አለኝ» አለች። «ምናሴ፣ በሩን።»

መስኮቱን ከፈተው። የሚገባ ነፋስ አልነበረም። ግቢ ካለው የሸክላ ዚር ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ አመጣሁ፤ እሱ ቀሚሷ ላይ፣ አንገቷ ላይ፣ ጸጉሯ ላይ አፈሰሰው። ከንፈሯንም አራሰላት። እሷ ግን ከንፈሯን ገጠመች።

«ዘጠኝ ሆነ?» አለች።

«ሆኗል» አለ ጋሽ ምናሴ።

ገና ነበር። ያን ሰው ሲዋሽ የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ጉንጭ ዋጠች፣ ሌላው ባገጯ ላይ ፈሰሰ።

ውሃው ቀሚሷ ላይ እንዳለ ተቀመጠ። አልተነነም። የረጠበው ጨርቅ እንደ እርጥቡ ልጅ ሆነ፤ አየሩ አልቀበል አለው። ጋሽ ምናሴ በካርቶን አራገበላት፣ ክንዱ እስኪዝል አራገበላት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሪክሻህ ስትሮጥ ነፋስ ትሠራለች» አለኝ። «ተነስ።»

ተሸክመን አስገባናት። እሱ ከኋላ ጭኑ ላይ አስደግፏት ተቀመጠ፣ ዘነበች በጀሪካን ውሃ ይዛ ከጎኑ ተሸጎጠች። የጎን ሸራዎቹን ሁለቱንም ጠቅልዬ አሰርኳቸው። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ሰዎች ይሰድቡኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም። የምሰማው ከኋላዬ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። ነፋሱ እየገረፋት፣ ውሃው እየፈሰሰባት፣ እትዬ ስንዱ ስትለምን እሰማታለሁ።

«ሸራውን አውርዱት። ነፋስ... ላቤ ላይ...»

«ላብ የለሽም የኔ ዓለም።»

«ይመታኛል።»

«ይምታሽ» አላት። «ይምታሽ ስንዱ፣ ፈቃድሽ ይሁን።»

ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ የትናንቱ ዝናብ ኩሬ ሠርቷል። ዞሬ እንዳልሄድ መንገዱ ይረዝማል። ገባሁበት። መሀል ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ጠፋ።

ነፋሱም ቆመ።

እስከ ዛሬ በጆሮዬ ያለው ያ ጸጥታ ነው። እንደገና ቁልፉን ባዞረው፣ ባዞረው፣ እምቢ አለ። ወርጄ ውሃው ውስጥ እየገፋሁ ስጮህ ሻይ ቤት የተቀመጡ ሱዳናውያን ረጃጅም ጀለቢያቸውን ሰብስበው ገቡ። «ያላ፣ ያላ፣ ሐጃዋ ታማለች» ተባባሉ፤ እናትየዋ ማለታቸው ነው፤ ማን እንደሆንን አልጠየቁም። ከኋላ ገፉን። ዘነበች በነጠላዋ ታራግባለች። ያቺ ነፋስ ትገድላለች ያለች ሴት፣ ነጠላዋን እንደ ክንፍ እያማታች ነፋስ ልትሠራ ትታገላለች። ከኩሬው ስንወጣ ሞተሩ ተነሳ።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለችን ነርስ ገና እንዳየቻት ወደ ውስጥ ዞራ «ሞያ! ሞያና በረዶ!» ብላ ተጣራች። እትዬ ስንዱ ቃሉን ስትሰማ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሳቀች እንዳልል እፈራለሁ፤ ያየሁት ግን ሳቅ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

በአገራችን ቆጠራ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ጿሚው ሁሉ ከቅዳሴ ወጥቶ ውሃ በሚጠጣበት ጊዜ፣ ወጣቷ ሐኪም ወደ ኮሪደሩ መጣች። ላቧን በክንዷ ጠረገች። አላህ ያጽናችሁ አለች።

«ምን ነበር?» አላት ጋሽ ምናሴ በዓረብኛ። መልሱን ያውቀው ነበር፤ ግን ከሌላ ሰው አፍ መስማት ፈለገ።

«ደርበት ሸምስ» አለች።

«ፀሐይ ላይ አልዋለችም። የዋለችው ቤት ውስጥ ነው።»

«ስሙ ነው እንጂ ፀሐይ አያስፈልገውም አጎቴ። ወበቁ ይበቃል። በተለይ ውሃ ላልጠጣ ሰው።»

ከሄደች በኋላ ጋሽ ምናሴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ደርበት ሸምስ» አለ ለራሱ። «የፀሐይ ምት።» ከዚያ ቀና ብሎ ዘነበችን አያት። እሷ ጥግ ላይ ፊቷን በረጠበ ነጠላዋ ሸፍናለች።

«ምች ነው ብለሽ ነበር» አላት። «ልክ ነበርሽ ዘነቡ። ስሙን አውቀሽው ነበር።»

ይህን ለማጽናኛ እንዳለው አውቃለሁ። እሷ ግን ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው።

*

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት አሁን መስኮት ዘግታችሁ የተቀመጣችሁ ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ላስቸግራችሁ።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የማስበው ስለ ቋንቋችን ነው። ብርድን በስንት መንገድ እንፈራዋለን። ብርድ መታው፣ ነፋስ ገባው፣ ቅዝቃዜ አገኘው እንላለን። አያቶቻችን የኖሩት ደጋ ላይ ስለሆነ የሚገድላቸውን ነገር አጥርተው አወቁት፣ ስም ሰጡት፣ መድኃኒቱንም አበጁለት፤ መሸፈን፣ መዝጋት፣ ማጠን። ጾሙንም በዚያ አየር ውስጥ ተላመዱት። አንዳቸውም ሞኝ አልነበሩም። አየሩ ግን እነሱ ካወቁት ተለወጠ፤ እኛም ወደ ሌላ አየር ተሰደድን። ለምች ያወረሱን መድኃኒት የማይሠራበት ምች መጣ። እትዬ ስንዱን የገደላት ድንቁርና አይደለም። እናቶቿን የጠበቀ ጥበብ ነው።

ጋሽ ምናሴም ሁሉን ያውቅ ነበር። ማወቁ ከአንዲት ሴት ጋር ሊታገል አልቻለም፣ ምክንያቱም የሚታገለው ከመስኮት ጋር አልነበረም። የቀራትን የመጨረሻ ነገር ልቀማሽ ወይስ ልተውልሽ ነበር ጥያቄው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናንተ ታውቁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ግን ዘጠኝ ሰዓትን የሚጠብቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቤታችሁ ካለ፣ ካህኑን አሁን ጠይቁላቸው። ትኩሳት ያላት ሴት ላቧ ቆመ ሲሏችሁ ተመስገን አትበሉ።

የዝናቡን ስንኝ አልጨረስኩትም። በፍቅር ግጥም ውስጥም ሙቀት የሚል ቃል ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም። እጄ አይሄድልኝም።

የሰልስቷ ዕለት ክፍላቸው በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ወለሉ ላይ፣ ወንዶቹ በረንዳው ላይ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ እሷ እንደምትወደው ይሁን ብሎ ማን እንደዘጋው አላውቅም። ዘነበች ከመካከላቸው ተነሳችና፣ ማንንም ሳታይ፣ ሄዳ ከፈተችው። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሳበች። ማንም ዝጊው አላለም።

ጋሽ ምናሴ የተከፈተውን መስኮት ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያሉትን መለኪያዎች ሊያይ ነው መሰለኝ፣ የእርጥቡን ጨርቅ ውሃ የቀየረለት አልነበረም፣ ተነሳ። ሰዎቹ እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉት። ደፉን ተሻገረ፤ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ግቢው ሄደና ቆመ። አንድ ሰው ከኋላው «በሩን!» ብሎ እስኪጣራ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

የተጣራ አልነበረም።

ተመለሰና በሩን ቀስ አድርጎ ከውጭ ዘጋው።